ኤልሳቤጥ ኬክሊ፦ በመርፌ የተከፈለ ዕዳ



ባለፈው የብርድ ወራት የስፌት ክፍላችን ከወትሮው የተለየ ሥራ ተቀብሎ ነበር። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለሚያሳየው ቲያትር፣ በ1860ዎቹ የአሜሪካ ወይዛዝርት ማታ ወደ ቲያትርና ወደ ግብዣ ሲሄዱ ከቀሚሳቸው ላይ ይደርቡት የነበረውን ካባ፣ ጠርዙን በሰው ሠራሽ ጸጉር ከበን እንድንሰፋለት ጠየቀን። የዚያን ዘመን አለባበስ ስናጠያይቅ አንድ ስም ደጋግሞ ገጠመን፦ ኤልሳቤጥ ኬክሊ። በባርነት ተወልዳ፣ በመርፌዋ ራሷንና ልጇን ነጻ ያወጣች፣ የፕሬዚዳንት ሊንከን ባለቤት ልብስ ሰፊ የሆነች፣ እንደኛው ያለ የሴቶች መረዳጃ ማኅበርም እኛ በምንኖርበት ከተማ ያቋቋመች ሴት ናት። ስለ ካባው ብቻ ከምንጽፍ ስለ እሷ ብንጽፍ ይሻላል ብለን ተስማማን፤ ካባውም በየመሀሉ መግባቱ አልቀረም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኤልሳቤጥ የተወለደችው በ1818 በቨርጂኒያ፣ ዲንዊዲ በሚባል ቦታ ነው። እናቷ አግነስ የበርዌል ቤተሰብ ባሪያ ነበረች። የቤቱን ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት፤ ባሪያ ፊደል እንዳይቆጥር በሚከለከልበት በዚያ አገር ማንበብና መጻፍም ታውቅ ነበር። ልጅቱ አባቴ እያለች ያደገችው ጆርጅ ሆብስን ነው። እሱ የሌላ ጌታ ባሪያ ስለነበረ ቤተሰቡን የሚያየው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ጌታው ወደ ምዕራብ ሲሄድ ይዞት ሄደና ከዚያ ወዲያ በደብዳቤ እንጂ በዓይን አልተያዩም። የወለዳት ግን ጌታዋ አርሚስቴድ በርዌል ራሱ እንደሆነ እናቷ ከመሞቷ በፊት ነገረቻት።

አራት ዓመት ሲሞላት ሥራ ተሰጣት፤ የጌቶቿን ሕፃን መጠበቅ። አልጋዋን ስትወዘውዝ ሕፃኗ ወደቀችባት፤ ምን እንደምታደርግ ጨንቋት በእሳት መጫሪያ አካፋ ልታነሳት ስትታገል ተገኘችና ተገረፈች። የመጀመሪያ ግርፋቷ ይህ ነው።

14 ዓመት ሲሆናት ከእናቷ ተለይታ ለጌታው ትልቅ ልጅ ተሰጠች፤ ቆይቶም ከእሱና ከሚስቱ ጋር ወደ ኖርዝ ካሮላይና፣ ሂልስቦሮ ወደሚባል ከተማ ሄደች። እዚያ ኩራቷን ለመስበር ተብሎ ለጎረቤት የትምህርት ቤት መምህር እየተሰጠች ተደበደበች። እሷም ዝም ብላ አልተደበደበችም፤ ታገለችው፤ በመጨረሻ የደከመው ደብዳቢው ነው። ከዚያ የባሰው አንድ ነጭ ለአራት ዓመታት እያሳደደ መድፈሩ ነበር። ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙ ጆርጅ ተባለ። እሷ በኋላ በጻፈችው መጽሐፍ ይህን በጥቂት ቃላት አልፋዋለች። እኛም ከዚያ አንጨምርም።

በ1847 ከእናቷና ከልጇ ጋር ወደ ሴንት ሉዊስ ተወሰደች። አሁን ጌታዋ ሂዩ ጋርላንድ የሚባል ጠበቃ ነው፤ ሚስቱ አን የአርሚስቴድ በርዌል ልጅ ናት። በደም ከቆጠርነው የኤልሳቤጥ እህት መሆኗ ነው፤ በወረቀት ግን እመቤቷ። ቤተሰቡ ደህይቶ ስለነበረ ገንዘብ እንድታስገባ አሮጊቷን አግነስን ለሌላ ቤት ሊያከራዩ አሰቡ። ኤልሳቤጥ ይህን ስትሰማ እናቷ ከምትሄድ እሷ እንደምትሠራ ተናገረች። መርፌ ይዛ ወጣች፤ ልኳ የሚያምር መሆኑ በከተማው ወይዛዝርት ዘንድ ተሰማ፤ እሷ እንደጻፈችው ለሁለት ዓመት ከአምስት ወር የ17 ሰው እንጀራ ከእሷ መርፌ ወጣ። ከ17ቱ መሀል ባሪያ አድርገው የያዟትም አሉበት። ተቀምጠው በሰው እጅ የሚበሉትን ሰነፍ የማይላቸው አገር፣ ቀን ከሌት የምትሰፋዋን ሰነፍ ዘር ይላት ነበር።

ጄምስ ኬክሊ የሚባል ሰው ለጋብቻ ሲጠይቃት ሌላ ልጅ ለባርነት መውለድ አልፈልግም ብላ አመነታች። ጋርላንድንም ራሷንና ልጇን እንዲሸጥላት ለመነችው። እምቢ አለ። ደጋግማ ብትጠይቀው አንድ ቀን የ25 ሳንቲም ብር አውጥቶ ሰጣት፤ የሚሲሲፒን ወንዝ በጀልባ ለመሻገር የሚከፈለው ያ ነው፤ ማዶ ያለው የኢሊኖይ ግዛት ደግሞ ባርነት የሌለበት ነበር። ብሩን መለሰችለት። ወንዙን መሻገር ትችል ነበር፤ የምትፈልገው ግን ማንም ሕግ ጠቅሶ መልሶ የማይወስድባትን ነጻነት ነው። በመጨረሻ ዋጋው ተቆረጠ፤ ለሁለቱ 1,200 ዶላር። ከኬክሊ ጋር ተጋቡ፤ ነጻ ነኝ ያለው ሰው ነጻ አለመሆኑና መጠጥ የሚያሸንፈው መሆኑ ቆይቶ ታወቀ፤ ከትዳሩ የተረፋት ስሙ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ? የ17 ሰው ሆድ ከሚሞላ መርፌ ላይ ምን ይተርፋል? ኒው ዮርክ ሄዳ በጎ አድራጊዎችን ለመለመን አሰበች። ለመሄድ ስድስት ሰዎች ትመለሳለች ብለው በፊርማ ዋስ እንዲሆኗት ተጠየቀ። አምስቱ ፈረሙ። ስድስተኛው ሊፈርም ተነሥቶ፣ እንደማትመለስ ግን እርግጠኛ መሆኑን ነገራት። በማያምናት ሰው ፊርማ አልሄድም ብላ ተወችው፤ ቤቷ ገብታም አለቀሰች። ይህን የሰማች ደንበኛዋ ወይዘሮ ለ ቡርዧ፣ የከተማው ወይዛዝርት ልብስ ያሰፋሽው ከእኛ ሆኖ ሳለ ለምን ወደ ሩቅ ትሄጂያለሽ ብላ በመካከላቸው አዋጥተው ገንዘቡን ሞሉላት። በኅዳር 1855 እናትና ልጅ ነጻ ወጡ።

ሴቶቹ ገንዘቡን በስጦታ ሊተዉላት ፈቅደው ነበር። እሷ ግን የተቀበለችው በብድር ነው። እዚያው ሴንት ሉዊስ ተቀምጣ እየሰፋች ሳንቲም ሳታጓድል ከፍላ ጨረሰች። እቁብ ወስዶ እስከ መጨረሻው ዙር ሳያጓድል የጣለ ሰው ቀና ብሎ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ የእሷም እንደዚያ ነው።

በ1860 ሴንት ሉዊስን ትታ ባልቲሞር ገባች። ያሰበችው ለጥቁር ወጣት ሴቶች የልብስ አቆራረጥና የልክ አወሳሰድ ዘዴዋን ማስተማር ነበር። አልሆነላትም፤ ስድስት ሳምንት ቆይታ ኪሷ ባዶ ሊሆን ሲል ወደ ዋሽንግተን መጣች። በቀን በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተቀጥራ መስፋት ጀመረች። አንድ ነጻ ጥቁር በከተማው ለመኖር ፈቃድና ነጻነቱን የሚመሰክርለት ሰው ያስፈልገው ስለነበረ ደንበኞቿ ጉዳዩን ጨረሱላት። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የሮበርት ሊ ባለቤት ለእንግሊዝ አልጋ ወራሽ በተደረገ ግብዣ ላይ የምትለብሰውን ቀሚስ ሰጠቻት፤ ባልየው ለማስጌጫው 100 ዶላር ቆጥሮ አስረከባት፤ ዳንቴሉን የሸጠላት ባለ ሱቅ ደግሞ 25 ዶላር ኮሚሽን ሰጣት። በዚያው ዓመት የጄፈርሰን ዴቪስ ባለቤትም ደንበኛዋ ሆነች። ሊ የደቡቡን ጦር የመራው፣ ዴቪስም የደቡቡ ፕሬዚዳንት የሆነው ነው። ዴቪሶች ወደ ደቡብ ሲሄዱ አብራቸው እንድትሄድ ጠይቀዋት ነበር፤ አልሄደችም።

ስለ ሙያው ጥቂት እንበል፤ ኬክሊን ኬክሊ ያደረጋት ስፌቱ ብቻ አይደለምና። መርፌ የሚይዝ እጅ በከተማው ሞልቶ ነበር። ብርቅ የሆነው ጨርቁን ከሴቲቱ ገላ ጋር አስማምቶ መቁረጥ ነው። የዚያ ዘመን ቀሚስ ከወገብ በላይ እንደ ጓንት ይጣበቃል፤ ከወገብ በታች ደግሞ በብረት ቀለበት ተወጥሮ እንደ ደወል ይሰፋል።

የማታው ካባም የመጣው ከዚህ ቀሚስ ነው። እንደ ደወል በተነፋ ቀሚስ ላይ ጠበብ ያለ ኮት አይገባም፤ ስለዚህ ከትከሻ የሚንጠለጠል፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ፣ ከክብ ላይ የተቆረጠ ካባ ይደረባል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ክብደቱ ሁሉ ግን ያረፈው ትከሻ ላይ ነው፤ ትከሻው በልኩ ካልተቀረጸ ካባው ወደ ኋላ እየሳበ አንገት ያንቃል። እኛ የሰፋነው ጥቁር ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ገበሩ ነጭ ሳቲን ነው። ከፋይ ጸጉሩ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ አንዱን ቁራጭ ሽቅብ ሌላውን ቁልቁል የቆረጡት እንደሆነ አንድ ጨርቅ ሁለት ቀለም ይመስላል። ካውያ ፊቱን ከነካው ተኝቶ ይቀራል፤ ከሥሩ ወፍራም ፎጣ አንጥፎ በጀርባው በኩል በእንፋሎት ማለፍ ነው። ሰው ሠራሹን ጸጉር ደግሞ ከፊቱ በመቀስ መቁረጥ መሸለት ነው። ገልብጠን፣ ጸጉሩ የተተከለበትን ጨርቅ ብቻ በምላጭ እየሰነጠቅን ቆረጥነው። ከተሰፋ በኋላ ስፌቱ ውስጥ የተያዘውን ጸጉር በመርፌ ጫፍ እያወጡ በማበጠሪያ ሲያበጥሩት ስፌቱ ከዓይን ይጠፋል። ካውያ ፈጽሞ አይቀርበውም፤ ይቀልጣል። ወደ ገበሩ የሚገባውን ጠርዝ በእጅ ዘመዘምነው፤ ይህ ሥራ ብቻ ለሦስት አባሎቻችን ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። በኬክሊ ዘመን ጸጉሩ የእውነት የእንስሳ ጸጉር ወይም የወፍ ለስላሳ ላባ ነበር፤ በአገራችንም የአንበሳ ጎፈርና የጉሬዛ ቆዳ ለክብር ልብስ ይውል እንደነበር እናቶቻችን ያውቁታል። ዛሬ ለእኛም ለኪሳችንም የሚስማማው ሰው ሠራሹ ነው።

ወደ ታሪኳ እንመለስ። በመጋቢት 1861 ሊንከን ሥልጣን በያዘ ማግስት ኬክሊ ወደ ዋይት ሃውስ ተጠራች። ሌሎች ልብስ ሰፊዎችም ተራ ይጠብቁ ነበር። ሜሪ ሊንከን ዋጋዋን ጠየቀቻት፤ ተስማሙ፤ ቀይ ጽጌረዳ የመሰለ የሐር ቀሚስ እንድታስተካክል ተሰጣት። ቀሚሱ በግብዣው ምሽት ሰዓቱ ሊያልፍ ሲል ደረሰ፤ ወይዘሮዋ ተቆጥታ አልለብስም አለች፤ ኬክሊ ለምና አለበሰቻት፤ ልኩ ሲታይ ቁጣው በረደ። በዚያው የጸደይና የበጋ ወራት ብቻ 15 ወይም 16 ቀሚስ ሰፋችላት። አንባቢ ልብ ይበል፣ ሁለቱ ሴቶች የተወለዱት በአንድ ዓመት ነው፤ በ1818። አንዷን አንቱ ሌላዋን አንቺ ማለት ስላልሆነልን ሁለቱንም እሷ ብለናል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የኬክሊ አንድ ልጅ ሞተ። ጆርጅ በኦሃዮ ዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ጥቁሮች በወታደርነት አይመዘገቡም ነበርና መልኩ ነጭ ስለሚመስል እንደ ነጭ ተመዝግቦ ዘመተ፤ ነሐሴ 10 ቀን 1861 ሚዙሪ ውስጥ ዊልሰንስ ክሪክ በተባለው ውጊያ ተገደለ። 1,200 ዶላር ተከፍሎለት ነጻ ከወጣ ስድስት ዓመት አልሞላውም። በየካቲት 1862 ደግሞ የሊንከኖች ልጅ ዊሊ በሕመም ሞተ። ሬሳውን ያጠበችውና ያለበሰችው ኬክሊ ናት። ሁለት ልጃቸውን የቀበሩ እናቶች እንዴት እንደሚቀራረቡ ማብራራት አያስፈልገንም።

በ1862 የበጋ ወራት ከደቡብ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ወደ ዋሽንግተን ጎረፉ። መንግሥት ከጠላት እንደተማረከ ንብረት ስለቆጠራቸው ስማቸውም በዚያው ቃል ይጠራ ነበር። ልብስ የላቸውም፣ ቤት የላቸውም፣ የሚያውቁት ሰው የላቸውም። አንድ ማታ ኬክሊ ነጮች ለቆሰሉ ወታደሮች ገንዘብ የሚሰበስቡበት ድግስ ስታይ፣ እነሱ ለራሳቸው ሰዎች ይህን ካደረጉ እኛስ ለእኛዎቹ ለምን አናደርግም የሚል ሐሳብ መጣላት። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሐሳቡን አቀረበች። በሁለት ሳምንት ውስጥ 40 አባላት ያሉት ማኅበር ቆመ፤ ፕሬዚዳንቱ እሷ ሆነች። መዋጮ ስታሰባስብ ከዝርዝሩ ላይ 200 ዶላር ብላ ቀድማ የጻፈችው ሜሪ ሊንከን ናት። ወደ ኒው ዮርክና ወደ ቦስተን ሄደች፤ የቦስተን ጥቁር ማኅበረሰብ ብቻ ከ80 በላይ ትልልቅ ሣጥን፣ አብዛኛው ልብስ፣ ላከ። ፍሬድሪክ ዳግላስም ንግግር እያደረገ ረዳቸው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር ጠቁመን እንለፍ። ታሪክ ጸሐፊዎች የ200 ዶላሩን ስጦታ ደጋግመው ያነሣሉ፤ የሰጪዋ ስም ትልቅ ነውና ደግ ነው። እኛ ግን በዓይናችን የሚመጡት 80ዎቹ ሣጥኖች ናቸው። የተረፈው ሳይኖረው ከላዩ ያወለቀ ሰው ነው ያን የሞላው።

ሚያዝያ 14 ቀን 1865 ማታ ሊንከን ፎርድ ቲያትር ውስጥ በጥይት ተመታ፤ በማግስቱ ጠዋት ሞተ። ሜሪ በዚያ ሌሊት ማን ይምጣልሽ ስትባል የጠራችው ኬክሊን ነው። ለብዙ ቀናት ከጨለማው ክፍል ከአጠገቧ አልተለየችም። ከዋይት ሃውስ ሲወጡ ያ ማታ ለብሳው የነበረውን የባሏ ደም የነካውን ካባና ባርኔጣዋን ለኬክሊ ሰጠቻት። በአጋጣሚ በዚያችው ሌሊት በኦሃዮ የዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ሕንጻ ተቃጥሎ ነበር፤ ጆርጅ የተማረበት። ኬክሊ ካባውንና ሌሎቹን መታሰቢያዎች ትምህርት ቤቱ እንደገና እንዲሠራ ብላ ለእሱ ሰጠች።

ሜሪ ሊንከን ከባድ ዕዳ ነበረባት። በመስከረም 1867 ስሟን ቀይራ ኒው ዮርክ ገባች፤ ቀሚሶቿን፣ ሻሎቿን፣ ጸጉራም ካባና አንገት ልብሷን ልትሸጥ። ኬክሊ ሱቋን ዘግታ አብራት ሄደች። ሆቴሉ ጥቁር ናት ብሎ ከጣሪያው ሥር ካለች ጠባብ ክፍል በቀር አልሰጥም አለ፤ ሜሪ እዚያው ከእሷ ጋር ወጣች። ኬክሊ ግን ራት ተከልክላ ጦሟን አደረች። ልብሱን ሰው መጥቶ እያገላበጠ አየው፤ የገዛ የለም ማለት ይቻላል። ጋዜጦቹ ተሳለቁ። ኬክሊ ለወራት ያለ ገቢ ቀረች።

በ1868 የሕይወት ታሪኳን አሳተመች፤ ሠላሳ ዓመት ባርነትን አራት ዓመት ዋይት ሃውስን የሚናገር። ሜሪን ከሐሜት ለመከላከል ነበር ሐሳቧ። መጽሐፉ ውስጥ ግን ሜሪ የጻፈችላት ደብዳቤዎች ታተሙ፤ ሜሪ ከዚያ ወዲያ አላናገረቻትም፤ ነጭ ደንበኞቿም አንድ በአንድ ሸሹ። በእኛ በኩል ተነጋግረንበታል። ደብዳቤዎቹ መውጣት አልነበረባቸውም፤ የሰው ምሥጢር ናቸው። የራሷን ታሪክ መጻፏን ግን የምንነቅፍበት ምክንያት አላገኘንም። በዚያን ጊዜ የተሳደቡት ብዙዎቹ የተቆጡት ስለ ደብዳቤው ሳይሆን ልብስ ሰፊዋ ብዕር ማንሣቷ ስለከነከናቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በትንሽ ገቢ ኖረች። በልጇ ሞት የሚከፈላት ጡረታ በወር 8 ዶላር፣ በኋላ 12 ዶላር ነበር። በ1892፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆና፣ ዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ የስፌትና የቤት ሙያ ክፍል ኃላፊ አድርጎ ቀጠራት። ባልቲሞር ላይ ያልሆነላት ከ32 ዓመት በኋላ ሆነ፤ ጥቁር ወጣት ሴቶች ከእሷ እጅ ልክ መውሰድና መቁረጥ ተማሩ። በ1893 በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሥራቸውን ይዛ ቀረበች።

ጤናዋ ሲደክም ወደ ዋሽንግተን ተመለሰች። የመጨረሻ ዓመታቷን የኖረችው ለችግረኛ ጥቁር ሴቶችና ሕፃናት በተሠራ መጠለያ ውስጥ ነው። ያ መጠለያ ከተቋቋመበት ገንዘብ ከፊሉን ያዋጣው እሷ የመሠረተችው ማኅበር ነበር። በግንቦት 1907 እዚያው አረፈች። የተቀበረችበት ቦታ በ1960 ሲነሣ አጽሟ ከሌሎች ጋር ወደ ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ተዛወረ፤ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመው በ2010 ነው።

ሥራዋን ማየት ለምትፈልጉ፣ ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የእሷ ስፌት እንደሆነ የሚታመን የሜሪ ሊንከን ሐምራዊ ከፋይ ቀሚስ አለ። ጉርዱ አንድ ነው፤ ከወገብ በላይ ያለው ግን ሁለት፣ አንዱ የቀን አንዱ የማታ። ከፋዩ በነጭ ሳቲን ቀጭን ጠርዝ ተከብቧል። ከስፌት ክፍላችን የሄዱ እህቶች የትከሻውን አቆራረጥ ለማየት ከመስታወቱ ፊት ብዙ ቆሙ።